ሠላሳ አንደኛው ሰሌዳ

«በዚህ ከተማ ሰውን ከወንበሩ አስነሥቶ የሚያስጮህ ብዕር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ!»

ይህ ቃል የተነገረው ታላቁ ጦርነት ባበቃ በአምስተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ የተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር፤ ተናጋሪዋም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ስትሆን፣ ይህን ስትናገር እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በነጭ ቀለም ተለውሶ፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ጠብታ ደርቆ ነበር።

«መጀመሪያ አፍንጫሽን ጥረጊ» አለቻት አክስቷ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የሠረገላ ማደሪያ የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ መስታወት ስለሆነ፣ ፀሐይ ስትወጣ ተዋንያኑ ይሠራሉ፤ ደመና ሲመጣ ግን ንጉሡም፣ ሌባውም፣ ሙሽራዪቱም በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ሻይ እየጠጡ ይተማማሉ። ልጅቱ እንደ ሰው ሁሉ ስም ነበራት፤ ይሁን እንጂ በዚያ ግቢ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ምላሷ የነካውን ሁሉ ስለሚቆርጥ «ምላጭ» ይሏት ነበር፤ እሷም ስድቡን እንደ ማዕረግ ተቀብላ፣ አቤት ትል ነበር።

ትምህርት ቤት የገባችው ለአራት ዓመት ብቻ ነው። በአራተኛው ዓመት ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ የቁስለኞች ማረፊያ ሆነ፤ ወንበሮቹ ወጡ፣ አልጋዎች ገቡ፤ ምላጭም ማካፈልን ሳትማር ቀረች። ጽሕፈቷ ግን እንደ ሐረግ የሚያምር ነበርና እንጀራዋ በእሱ ሆነ። በዚያ ዘመን ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ይጻፍና ሰሌዳው ለብቻው በካሜራ ይነሣል፤ ከዚያም ፊልሙ ተቆርጦ በየቦታው ይሰካል። ተመልካቹ አፍ ሲከፈት ያያል፣ ቀጥሎ ያነብባል፤ ማንበብ የማይችል ደግሞ የጎረቤቱን ክርን ይጎሽማል። ሰሌዳዎቹን የምትጽፈው ምላጭ ነበረች፤ ከመብራት ጥላሸትና ከሙጫ ጥቁር ቀለም በጥብጣ የምትቀባቸው፣ ሥራው ሲያበቃም አጥባ ለሚቀጥለው የምታዘጋጃቸው ደግሞ አክስቷ ናት፤ ይህም በልብስ ስፌቱ ላይ የተደረበ ሥራዋ ነበር።

አክስቷ ያሳደገቻት ሴት ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የምላጭን ሐሰት ከሩቅ ታሸትት ነበር። ባሏ በዚያው አዳራሽ፣ አዳራሹ የሠረገላ በነበረበት ጊዜ፣ ሠረገላ ነጂ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ከነፈረሶቹ ተወሰደ፤ ከዚያም ደብዳቤ ይልክ ጀመር። በዚያን ጊዜ የዘማች ደብዳቤ ሁሉ በሠራዊቱ መርማሪዎች እጅ ያልፋል፤ መርማሪውም ያልወደደውን ቃል በጥቁር ቀለም ይሰርዘዋል፤ ስለዚህ ለየቤቱ የሚደርሰው ወረቀት እንደ ተቃጠለ ነገር ግማሹ ጥቁር ነበር። የአሥር ዓመቷ ልጅ ደብዳቤውን ለአክስቷ ስታነብ ጥቁሩ ላይ ደርሳ ማቆም አልሆንልሽ አላት። አክስቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች፤ እንዴት ተብሎ ይቆማል? ስለዚህ ከጥቁሩ ውስጥ አነበበች። ዛሬ ዶሮ በላን፤ ጫማዬ አያፈስም፤ አለቃችን ሲተኛ እንደ መጋዝ ያንኮራፋል። የመጨረሻው ደብዳቤ ከሰላምታውና ከስሙ በቀር ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር፤ ምላጭም ከእሱ ሙሉ ገጽ አነበበችላት። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም፣ ቴሌግራምም፣ ሰውም አልመጣም፤ መዝገቡ ላይ «የደረሰበት ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ።

ምላጭ የደራሲነት ሥራዋን የጀመረችው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ እሷ ግን ይህንን አታውቅም። እሷ የምታውቀው የሚያስፈራ ነገር መጻፍ እንደምትወድ ብቻ ነበር። አጥንት የሚቆጥር የጥርስ ሐኪም፣ ከግድግዳ ውስጥ የሚያስል አያት፣ ራሱን የሚገንዝ ሬሳ፤ ሁሉንም በመጀመሪያ የምትሞክረው በአክስቷ ላይ ነበር። አክስቷ ግን ክር እየሳበች፣ «እ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ሬሳው ተነሣ ስትባል፣ «ከዚያስ?»፤ ሚስቱን አነቃት ስትባል፣ «ታዲያ አትጮኽም? ከዚያስ?»

የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት «ባለሰዓቱ» ይባል ነበር፤ የኪስ ሰዓቱን ከእጁ ስለማያስቀምጥ ሰው ሲያመሰግን እንኳ ሰከንድ ይቆጥራል ይባልለታል። ሥዕሎቹን ጽፎ የሚያሠራው፣ በካሜራ የሚያነሣውም እሱ ራሱ ነው። ከዝናቡ ወራት በፊት በአንድ የጦርነት ሥዕል ላይ ጄኔራሉ ጎራዴውን መዝዞ «ወደፊት!» እንዲል ጽፎ ሰጣት፤ ምላጭ ደግሞ «ወደፊት! እኔ ከኋላ እመጣለሁ» ብላ ጻፈችው። በትርኢቱ ቀን ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከኋላ የተቀመጡት አካል ጉዳተኛ ዘማቾች ክራንቻቸውን ወለል ላይ እየደበደቡ ድገሙት አሉ።

ባለሰዓቱ አስጠራት።

«ይህን ያሻሻልሽው አንቺ ነሽ?»

«ጌታዬ፣ አላሻሻልኩትም፤ እውነቱን ነው የጨመርኩበት።»

«ስንት ጊዜ ነው እንደዚህ የጨመርሽው?»

«እርስዎ ያወቁት አንድ ጊዜ ነው።»

ባለሰዓቱ ሰዓቱን አየ፤ ንዴቱ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ቆየና አለፈ። በልቡ ልጅቱን ይወዳት ነበር፤ ደግሞም ሳቁን ሰምቷል። «ስሚ» አላት፤ «ሁልጊዜ አስፈሪ ድርሰት አለኝ እያልሽ ስታደርቂኝ ዓመት አለፈ። ያንን ድርሰትሽን እሠራዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ትርኢት ሕዝቡ ሦስት ጊዜ ከጮኸ፣ ፎቅ ላይ በስምሽ ጠረጴዛ፣ የአንድ ዓመትም ውል አለሽ። ካልጮኸ ግን ብሩሽሽን ጥለሽ ትወጫለሽ። ጄኔራል የሚያሰድብ ጸሐፊ እዚህ ቤት አያስፈልግም።»

«ሦስት ብቻ?» አለች ምላጭ።

ድርሰቱ «በደጃፍ የቆመው» ይባል ነበር። አንዲት ሴት ባሏ መንገድ ሄዶ ትጠብቀዋለች፤ አንድ አውሬ በጫካ ውስጥ ባልየውን ይበላና የእሱን ካፖርት ለብሶ ወደ ቤቷ ይመጣል። አውሬው ሁለት ጊዜ በመስኮት ይታያል፤ በመጨረሻ ግን በሩ ይንኳኳል። ሴትዮዋ በዝግ በር ፊት ቆማ «ማን ነው?» ትላለች፤ ይህ ሠላሳኛው ሰሌዳ ነው። ሠላሳ አንደኛው የአውሬው መልስ ነው፤ ምላጭም የሦስቱን ጩኸት ተስፋ ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ጥላለች።

መልሱ ግን አልመጣላትም። «ረሃብሽ ነኝ» ብላ ጻፈች፤ የምግብ ቤት ማስታወቂያ መሰላትና አጠፋችው። «ሞትሽ ነኝ» አለች፤ ይህማ ማንም ይለዋል። በብጣሽ ወረቀት ስምንት መልስ ጽፋ ስምንቱንም ቀደደች። ሰሌዳዎቹ በሚነሡበት ቀን አርባው በየተራቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመው፣ በየጀርባቸው ቁጥራቸው በጠመኔ ተጽፎ፣ ሠላሳ አንደኛው ብቻ አክስቷ እንደ ቀባችው ጥቁር ሆኖ ቀረ። «አሁን እመለስበታለሁ፤ ተሰልፎ ይጠብቀኝ» ብላ በቦታው አቆመችውና፣ የአውሬውን ቆዳ ለማየት ወደ ስፌት ክፍል ገባች። መጀመሪያ የተጻፈውን ጉራ የነዛችው ያኔ ነው።

አክስቷ አውሬውን የሰፋችው ካረጁ የካፖርት አንገትጌዎች ነበር፤ በአንድ በኩል ቀይ ጸጉር፣ በሌላው ግራጫ፣ ብብቱ አካባቢ ሁለት ቁልፍ ያልወጣለት ነው። ምላጭ ካልለበስኩት ብላ ለበሰችው፤ ከዚያም አግዳሚው ላይ ሻይ በሚጠጡት ተዋንያን ላይ እያገሳች ወጣች። ንጉሡ ሻዩን ደፋ፤ ሙሽራዪቱ ሳቀች። ሕዝቡን በትርኢቱ ቀን አስጮኸዋለሁ፣ አስለቅሰዋለሁ፣ ሐኪም ይጠራል ስትል፣ ደመናው ተገለጠና ፀሐይ በመስታወቱ ጣሪያ ገባች። በዝናብ ወራት ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ሳትቀመጥ ትሄዳለች፤ ባለሰዓቱም «ሰሌዳዎቹን አሁን!» ብሎ ጮኸ። የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነበር፦ የእያንዳንዱን ሰሌዳ ሰከንድ አስቀድሞ በዝርዝሩ ይጽፋል፤ ከሰሌዳው ጀርባ ቁጥሩን ያነብባል፣ ያቆመዋል፣ ከዚያም ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ ሳያነሣ ካሜራውን ያዞራል። የሰሌዳውን ፊት ማየት ለሱ ጊዜ ማባከን ነው። ሠላሳ አንደኛው ጋ ዝርዝሩ «አሥራ ሁለት ሰከንድ» ይላል፤ አሥራ ሁለት ሰከንድ ጥቁሩን አነሣ፤ ሠላሳ ሁለተኛውን ቀጠለ። ምላጭ ያን ጊዜ በአውሬ ቆዳ ውስጥ ሆና ላቧን እየጠረገች ትፎክር ነበር። ከፎከረች በኋላ ደግሞ ራባት፤ በላች፤ ሠላሳ አንደኛውን ፈጽማ ረሳችው።

ፊልሙ ከእጥበት የደረሰው በትርኢቱ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይደርቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ያየው ማንም አልነበረም። ውጭ ይዘንባል፤ ሲኒማ ቤቱ በእርጥብ ሱፍ ሽታ ታፍኗል። ከፊት ልጆች፣ ከኋላ ዘማቾች፣ መሐሉን ግን ሴቶች ሞልተውታል፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ግማሾቹ ጥቁር እንደ ለበሱ ናቸው። ፒያኖ መቺው ሽማግሌ ከሸራው ሥር ተቀምጦ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ይመለከታል፤ በሠላሳ አንደኛው ሰሌዳ፣ የአውሬው ቃል ሲወጣ፣ የነጎድጓዱን ድምፅ ይምታ ተብሏል። አክስትየው በሦስተኛው ረድፍ ዳር፣ ምላጭ ከጎኗ፣ ባለሰዓቱ በሩ ጋ ቆሞ ሰዓቱን ይዟል።

አውሬው መጀመሪያ በመስኮቱ ሲታይ አንዲት ሕፃን ከፊት፣ «እማዬ፣ ያንቺ ካፖርት!» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ሁለተኛ ሲታይ ክንዱን አነሣ፤ ሁለቱ ቁልፎች በብብቱ አበሩ፤ «ቆልፉለት፣ ይበርደዋል!» አለ አንድ ዘማች። ሳቁ ከፒያኖው በለጠ። ባለሰዓቱ ሰዓቱን ወደ ኪሱ መክተት ጀመረ፤ ምላጭም ይህንን አየች። ብሩሹ፣ ሰሌዳው፣ የፎቁ ጠረጴዛ፣ ሁሉም በእሷው አፍ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ለእኔ ነበር ብላ አሰበች።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሣች፤ ወደ በሩ ቀረበች፤ እጇን በደረቷ ላይ አደረገች። ሠላሳኛው ሰሌዳ መጣ፦ «ማን ነው?»

ምላጭ በዚያች ቅጽበት አስታወሰች። «እናቴ!» አለች በሹክሹክታ።

ሸራው ጠቆረ።

ፒያኖ መቺው እጁን አንሥቶ ቃሉን ጠበቀ፤ ቃል የለም፤ እጁ በአየር ላይ ቀረ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ብቻ ይሰማል። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ አራት። እነዚያ ሴቶች ሁሉ ይህን ጥቁር ያውቁት ነበር፤ በጉያቸው ውስጥ፣ ትራሳቸው ሥር፣ በመሳቢያቸው የታጠፈ ነበር። የላኩት ጥያቄ ነበራቸው፤ የመጣላቸው መልስ ይህ ነበር። በሰባተኛው ሰከንድ አንድ ሰው ተነፈሰ። በስምንተኛው፣ ከሦስተኛው ረድፍ ዳር፣ አንዲት ሴት ለማንም ሳይሆን ለጨለማው እንዲህ አለች፦

«አንተ ነህ እንዴ?»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ልጆቹ ጮኹ፣ ዘማቾቹ ጮኹ፣ ፒያኖ መቺው በሁለት ክርኑ ፒያኖው ላይ ወደቀና ፒያኖውም ጮኸ። ብርሃን ተመልሶ አውሬው በበሩ ሲገባ የሚስቅ ጠፋ፤ ቁልፎቹ እንኳ ያስፈሩ ነበር።

ምላጭ ወደ አክስቷ ዞረች። አክስቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ከሸራው አልነቀለችም ነበር።

ሲወጡ ባለሰዓቱ በሩ ላይ ያዛት፤ ፊቱ እንደ ሰሌዳ ጠመኔ ነጥቷል። «ስንት ሰከንድ ነበር?» አላት።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ባለሰዓቱ?»

«አላየሁም» አለ በአፍረት፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ አላየሁም።» ከዚያ የሰዓቱን ክዳን ዘጋና፣ «ሦስት ጊዜ ነበር ያልነው፤ የጮኹት አንድ ጊዜ ነው።»

«አልቆረጡትማ! ሦስቱን አስተሳስረው ነው የጮኹት።»

«ባዶውን ሆን ብለሽ ነው ያደረግሽው?»

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያስገድደውን ማለት ግድ ነው፤ ምላጭ ሳታቅማማ ዋሸች። «ታዲያ! ስምንት መልስ ቀድጄ ነው እሱን የመረጥኩት» አለች፤ ስምንቱ እውነት ነበር። በማግሥቱ ጠረጴዛው ወደ ፎቅ ወጣ።

በዝናቡ ወደ ቤት ሲሄዱ አንድ ጃንጥላ ነበራቸው፤ አክስቷ ረጅም ስለሆነች ምላጭን ከጃንጥላው ይልቅ ጠብታው ያገኛታል።

«አክስቴ፣ አንተ ነህ ያለችው ማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አንዷ ትሆናለች።»

«ድምፅሽ ነበር።»

«እኔ ጉንፋን ይዞኛል፤ ድምፅ የለኝም።» ጥቂት ሄዱ፤ አክስቷ ጎርፉን ተሻገረችና ልጅቱን በክንዷ ስባ አሻገረቻት። «ያን ደብዳቤ ታነቢልኝ በነበረ ጊዜ» አለች፤ «ጨረቃዬ፣ ጨረቃዬ ይልሻል እያልሽኝ… ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጨረቃዬ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን በቅሎዬ ብሎኛል፤ እሱም በጣም ደስ ብሎት ነበር።»

ምላጭ ቆመች። «ታውቂ ነበር ማለት ነው? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ከዚያስ እያልኩ ነበራ። ነይ፣ እግርሽ ረጠበ።»

ከዚያ በኋላ ምላጭ በፎቁ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች፤ አሥራ ስምንት አስፈሪ ድርሰት ጻፈች፤ ሁሉንም አስቀድማ በስፌት ክፍሉ ታነባለች፤ አክስቷ «ከዚያስ?» ማለት ያቆመችበት ቦታ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ያ ቦታ ሕዝቡ የሚጮኽበት ቦታ ነው። ከአውሬ ይልቅ በር፣ ከበር ይልቅ ማንኳኳቱ፣ ከማንኳኳቱ ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ እንደሚያስፈራ ቀስ በቀስ ገባት፤ ሙያዋም ይኸው ሆነ፤ የት ላይ አለመጻፍ እንዳለባት ማወቅ። ትንሽ ዝና አገኘች፤ ትንሿን ዝና ደግሞ በአፏ ትልቅ አደረገቻት።

በዘጠነኛው ዓመት ሥዕል አፍ አወጣ። ድምፅ ያለው ፊልም ከተማውን በአንድ ወቅት ወረሰው፤ ፒያኖ መቺው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ሰሌዳዎቹ ለማገዶ ተፈለጡ፤ ድምፅ የሌላቸው ፊልሞች ከውስጣቸው የብር ማዕድን ይወጣል ተብሎ በበርሜል ቀለጡ። «በደጃፍ የቆመው» ከቀለጡት አንዱ ነበር። ዘመኑ እንዲህ ያለ ነው፤ ጄኔራሎቹን በሐውልት፣ መሬቱን በካርታ ያስቀምጣል፤ በእርጥብ ሱፍ ሽታ መሐል ሁለት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ የጮኸበትን እሑድ ግን የሚያስቀምጥበት መሳቢያ የለውም። የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ታሪክ በታተመ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ግርጌ፣ «ባለቤቱ በድፍረት አሥራ ሁለት ሰከንድ ፍጹም ጨለማ በማሳየት ለአስፈሪ ሥዕል አዲስ መንገድ ከፈተ» ተብሎ ተጽፏል። የደራሲዋ ስም የለም፤ ደራሲ እንደ ነበረም አይነገርም።

ምላጭ መጽሐፉን ይዛ ወደ ስፌት ክፍሉ እንደ ማዕበል ገባች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለድምፅ ፊልም የሚሆን ንግግር ስትጽፍ ስለዋለች አፍንጫዋ ላይ አሁን ሰማያዊ ቀለም ነበር። መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችላት፤ ሁለተኛውን እየጮኸች።

«በድፍረት ይላል! የምን ድፍረት? ሰዓቱን እያየ ነበር እኮ! ያ ጨለማ የእኔ ነው፤ ከእኔ በፊት ማንም እንደዚያ ያለ ጨለማ ሠርቶ አያውቅም፤ ታሪክ ቢክደኝ እንኳ ያ ጥቁር የእኔ ሥራ ነው!»

አክስቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አርባ ሰሌዳ ጥቁር ቀባሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ አጠብኩ» አለች። «ጥቁሩ የእኔ ሥራ ነው፤ አንቺማ ረስተሽ ነው።»